ካናቢስና የመገጣጠሚያ ሕመም፤ ከመድኃኒቱ በፊት ሸክሙ



ከነቀምቴ በስተምዕራብ፣ ወደ ጊምቢ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኘው ዲጋ ምድሯ ወደ ዴዴሳ ሸለቆ እያዘቀዘቀ የሚሄድ አገር ናት። ዳገትና ቁልቁለት በበዛበት በእንዲህ ያለው ስፍራ ውሃው ከምንጭ፣ ማገዶው ከዱር፣ በቆሎው ከማሳ ወደ ቤት የሚገባው ይልቁንም በሰው ጀርባና በአህያ ነው። ስለዚህ ዕድሜያቸው ገፋ ባሉ ሰዎች ዘንድ ስለ ጉልበት፣ ስለ ወገብና ስለ ጣት ሕመም የሚነገረው ስሞታ ከሰላምታ ቀጥሎ የሚሰማ ነው። ሕዝቡ ይህን ሁሉ ጠቅልሎ «ቁርጥማት» ይለዋል።

ከወለጋ ወጥተው በአሜሪካ፣ በተለይም በሚኒሶታ ክፍለ ግዛት የሚኖሩ ቤተሰቦች ብዙ ናቸው። በዚያ አገር ካናቢስን ለሕክምና የሚፈቅደው ሕግ እ.ኤ.አ. በ2014 ወጥቶ ሽያጩ በ2015 ተጀመረ፤ በ2016 በሌላ ሕክምና ሊታገሥ ያልቻለ ሕመም ከተፈቀዱት ምክንያቶች ጋር ተጨመረ፤ በ2023 ደግሞ ካናቢስ ዕድሜው 21 ዓመት ለሞላ ለማንኛውም ሰው ተፈቀደ። እንግዲህ የካናቢስ ዘይት በመደብር ተደርድሮ የሚያይ ልጅ ዲጋ የቀሩትን እናቱን ማሰቡ፣ «ይህ ዘይት የእናቴን ጉልበት አያሽለውም ወይ?» ብሎ መጠየቁ አያስደንቅም። የዚህ ንግግር ዓላማ ለዚሁ ጥያቄ መልስ መፈለግ ነው።

ለመልሱ መነሻ የሚሆነው የመገጣጠሚያው አሠራር ነው። አንድ መሐንዲስ የጉልበትን መገጣጠሚያ ቢመረምር ለሙያው እንግዳ ያልሆነ ነገር ያገኛል። የሁለቱ አጥንቶች ጫፍ ካርቲሌጅ በሚባል ለስላሳ ሽፋን ተሸፍኗል፤ በመካከላቸው ሲኖቪያል የሚባል ፈሳሽ እንደ ዘይት ያገለግላል። ሰበቃው እጅግ አነስተኛ ከመሆኑ የተነሣ በፋብሪካ ከሚሠራ ጥሩ ኩሽኔታ ጋር ይወዳደራል። ይሁን እንጂ ካርቲሌጅ የደም ሥር ስለሌለው ከተበላ በኋላ ራሱን የመጠገን አቅሙ በጣም ደካማ ነው። ነርቭም ስለሌለው መበላት ሲጀምር አያስታውቅም። ሕመሙ የሚሰማው ጉዳቱ ከሥሩ ወዳለው አጥንትና በዙሪያው ወዳለው ሕዋስ ሲዘልቅ ነው። በዚህ ረገድ ሕመም በመኪና ላይ ዘይት ሲያልቅ እንደሚበራው የማስጠንቀቂያ መብራት ነው፤ ልዩነቱ መብራቱ ዘግይቶ የሚበራ መሆኑ ነው።

ቁርጥማት የተባለው ሁሉ አንድ በሽታ አይደለም። በዕድሜ፣ በሸክምና በጉዳት ምክንያት ካርቲሌጁ የሚበላበት ኦስትዮአርትራይቲስ ይባላል፤ የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው እ.ኤ.አ. በ2019 በዓለም ላይ 528 ሚሊዮን ሰዎች ይህ በሽታ ነበረባቸው። ሩማቶይድ አርትራይቲስ ደግሞ የሰውነት መከላከያ ኃይል በስሕተት የራሱን መገጣጠሚያ የሚያጠቃበት ነው፤ በዚያው ዓመት 18 ሚሊዮን ያህል ሰዎች እንደያዘ ተገምቷል። ሪህ ሦስተኛው ሲሆን መነሻው በመገጣጠሚያ ውስጥ የሚጠራቀም የዩሪክ አሲድ ቅንጣት ነው። ሦስቱም ያምማሉ፤ መንሥኤያቸው ግን የተለያየ ስለሆነ መድኃኒታቸውም ይለያያል።

ስለ ካናቢስ የሚነገረው ተስፋ ከባዶ የተነሣ አይደለም። አእምሮን የሚያሰክረው ቲ.ኤች.ሲ. የተባለው ቅመም እ.ኤ.አ. በ1964 በእስራኤል በራፋኤል መሹላምና በይሒኤል ጋኦኒ ተነጥሎ ታወቀ። በ1990 ይህን ቅመም የሚቀበለው የነርቭ ሕዋስ ተቀባይ ተለየ፤ በ1992 አካል ራሱ ተመሳሳይ ቅመም እንደሚሠራ ተደረሰበት። ሌላው የዕፁ ቅመም ሲ.ቢ.ዲ. ይባላል፤ አያሰክርም። በ2000 በወጣ ጥናት የመገጣጠሚያ ብግነት እንዲይዛቸው በተደረጉ አይጦች ላይ ሲ.ቢ.ዲ. ብግነቱን ሲቀንስ ታይቷል። ከአይጥ ወደ ሰው ሲመጣ ግን ውጤቱ የሚጠበቀውን ያህል አልሆነም።

እ.ኤ.አ. በ2006 በብሪታንያ በታተመ ሙከራ 58 የሩማቶይድ አርትራይቲስ ሕሙማን ተካፍለው፣ ሁለቱን ቅመሞች የያዘ በአፍ የሚረጭ መድኃኒት ለአምስት ሳምንት ያህል የወሰዱት ወገኖች በሕመምና በእንቅልፍ ረገድ መጠነኛ መሻሻል አሳይተዋል። ሙከራው አነስተኛና አጭር ነበር። በ2022 በዴንማርክ በእጃቸው መገጣጠሚያ የሚታመሙ 136 ሰዎች ለ12 ሳምንት ሲ.ቢ.ዲ. ወይም ምንም ቅመም የሌለበት አምሳያ ክኒን ሲሰጣቸው በሁለቱ ወገኖች መካከል ልዩነት አልተገኘም። በ2023 በኦስትሪያ የጉልበት ሕመም ያላቸው 86 ሰዎች በቀን እስከ 600 ሚሊ ግራም ሲ.ቢ.ዲ. ከፓራሲታሞል ጋር ሲወስዱ ውጤቱ ከአምሳያው ክኒን አልተሻለም። ዓለም አቀፉ የሕመም ጥናት ማኅበርም በ2021 ካናቢስን ለሕመም ማስታገሻነት በጠቅላላው እንደማይደግፍ ገልጿል። ቲ.ኤች.ሲ. ራስ ማዞርን ያስከትላል፤ በዳገት ላይ ለምትሄድ አሮጊት መውደቅና የዳሌ አጥንት መሰበር ከቁርጥማቱ የከፋ መከራ ነው።

የሕጉም ነገር መታወቅ አለበት። ካናቢስ ለኢትዮጵያ ምድር አዲስ ዕፅ አይደለም። በቀድሞው በጌምድር፣ ላሊበላ ዋሻ በተባለ ስፍራ ከተገኙ የሸክላ ማጨሻዎች መካከል በሁለቱ ላይ የካናቢስ ቅሪት መኖሩ እ.ኤ.አ. በ1975 በታተመ የኬሚስትሪ ምርመራ ተረጋግጧል፤ ዘመናቸውም ወደ 1320 ገደማ ተገምቷል። ይህ ግን የማጨስ እንጂ የሕክምና ማስረጃ አይደለም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 525 ካናቢስን ያለ ልዩ ፈቃድ ማብቀልን፣ ማስገባትንና ማዘዋወርን ከ5 ዓመት በማያንስ ጽኑ እሥራት ያስቀጣል። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2020 የተባበሩት መንግሥታት የአደንዛዥ ዕፅ ኮሚሽን በ27 ድጋፍ፣ በ25 ተቃውሞና በአንድ ድምፀ ተአቅቦ ካናቢስን ከሁሉ ይበልጥ ጥብቅ ቁጥጥር ከሚደረግባቸው ዕፆች ሠንጠረዥ ቢያወጣውም፣ ይህ ውሳኔ የየአገሩን ሕግ አይሽርም። ሌሶቶ በ2017፣ ዚምባብዌ በ2018 ለሕክምና የሚውል ካናቢስ በፈቃድ እንዲመረት ማድረጋቸው የእነርሱ ሕግ ነው።

ስለሆነም ልጅ ለእናቱ በሻንጣ ውስጥ ደብቆ የሚያመጣው ጠርሙስ ከመዳን ይልቅ መከራ ሊያመጣባቸው ይችላል። በጠርሙሱ ላይ የተጻፈውም የሚታመን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2017 በአሜሪካ በታተመ ጥናት በኢንተርኔት ከተሸጡ 84 የሲ.ቢ.ዲ. ምርቶች መካከል መጠኑ በትክክል የተጻፈባቸው 31 ከመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ18ቱ ውስጥ ቲ.ኤች.ሲ. ተገኝቷል። ጥንካሬው ያልተለካ ብረት በድልድይ ላይ እንደማይውል ሁሉ መጠኑ ያልታወቀ መድኃኒትም በሰው አካል ላይ ሊውል አይገባም። ዕፅ መድኃኒት አይሆንም ማለት አይደለም፤ ለሪህ የሚሰጠው ኮልቺሲን ከአበባ የተገኘ ነው፤ በቅባት መልክ ለጉልበት ሕመም የሚታዘዘው ካፕሳይሲንም ሚጥሚጣን የሚያቃጥለው ቅመም ራሱ ነው። ሁለቱም መድኃኒት የሆኑት ተለክተው፣ ተመዝነውና ተፈትነው ነው።

በአገር ውስጥ ያለው አደጋም መዘንጋት የለበትም። ያለ ሐኪም ትእዛዝ እየተገዙ የሚዋጡት ፕሬድኒሶሎንና ዴክሳሜታዞን፣ ለብዙ ጊዜ የሚወሰደው ዳይክሎፌናክም ሕመሙን ፈጥነው ያስታግሣሉ፤ ነገር ግን የፊተኞቹ አጥንትን ያሳሳሉ፣ ስኳርን ከፍ ያደርጋሉ፤ የኋለኛው ጨጓራን ያደማል፣ ኩላሊትን ይጎዳል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እንደሚባለው፣ ማስታገሻ በሽታውን ከባለቤቱ ሲደብቀው ጉዳቱ የባሰ ይሆናል። ጠዋት ጠዋት ጣቶቿ የሚያብጡባትና ለረጅም ሰዓት የሚተሳሰሩባት ሴት ሩማቶይድ አርትራይቲስ ይዟት እንደሆነ ቶሎ ከታወቀ፣ እንደ ሜቶትሬክሴት ያለ መድኃኒት በሐኪም ቁጥጥር በሳምንት አንድ ጊዜ በመውሰድ መገጣጠሚያዎቿ ከመበላሸት ሊድኑ ይችላሉ። ኦስትዮአርትራይቲስ ላለበት ደግሞ የጭን ጡንቻን የሚያጠነክር እንቅስቃሴ፣ የበዛ ክብደትን መቀነስና በቆዳ ላይ የሚቀባ ማስታገሻ የመጀመሪያዎቹ ሕክምናዎች ናቸው።

ከዚህ በኋላ የሚቀረው የሐኪሙ ሳይሆን የመሐንዲሱ ድርሻ ነው። በሜዳ ላይ በሚሄድ ሰው ጉልበት ላይ የሚያርፈው ኃይል ከክብደቱ ከሁለት እስከ ሦስት እጥፍ ነው። እንግዲህ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውሃ ያዘለች ሴት በእያንዳንዱ እርምጃ በጉልበቷ ላይ በትንሹ 40 ኪሎ ግራም ያህል ትጨምራለች። አንድ ኪሎ ሜትር 1,500 እርምጃ ቢሆን ለአንዱ ጉልበት 750 ይደርሰዋል፤ ድምሩም 30 ቶን ነው። ስሌቱ ግምታዊ ይሁን እንጂ፣ በየቀኑ ለሠላሳና ለአርባ ዓመት ሲደጋገም ምን ያህል እንደሚሆን መገመት አያዳግትም። ከባድ ዕቃ በማንሣት፣ በመንበርከክና በቁጢጥ በመቀመጥ የሚሠራ ሰው ጉልበቱ ይበልጥ እንደሚጎዳ የሙያ ጤና ጥናቶችም ያረጋግጣሉ።

ለዚህ ሸክም መድኃኒቱ ፈቃድ የማያሻው፣ ሕግም የማይከለክለው ነው። ምንጭ ማጎልበትና ውሃውን በስበት ኃይል ወደ መንደር አውርዶ ቦኖ መትከል፣ ወደ ምንጭ በሚወርደው አቀበት ላይ ደረጃና የእጅ መያዣ መሥራት፣ በአህያ ጋሪ ለመጫን የሚያመች መንገድ መክፈት፣ የበቆሎ መፈልፈያን ለአነስተኛ ገበሬ በሚስማማ ዋጋ ማቅረብ፣ መቆጠብ ለተሳናቸው አረጋውያን መጸዳጃ ቤት መቀመጫ ማበጀት ሁሉም የመሐንዲስ የዕለት ሥራዎች ናቸው። ለእነዚህ ሥራዎች ዕቅድ ሲወጣ የሚቆጠረው የሊትር ብዛትና የቧንቧው ርዝመት ነው፤ ከሰው ጉልበት ላይ የሚወርደው ቶን በየትኛውም ሠንጠረዥ ውስጥ ሲገባ አይታይም። ሊገባ ይገባዋል። ጥገናውም እንዲሁ ነው፤ አንድ የእጅ ፓምፕ በአንዲት የጎማ ቀለበት መበላት ምክንያት ሲቆም፣ የመንደሩ ሴቶች በማግስቱ ጀሪካናቸውን አዝለው ወደ ዳገቱ ይመለሳሉ።

ስለ ካናቢስ የሚደረገው ምርምር ይቀጥላል፤ የተፈተነና መጠኑ የታወቀ መድኃኒት ከተገኘም ሐኪሞችና ሕግ አውጪዎች በጊዜው ይወስኑበታል። ለዲጋዋ እናት ዛሬ የሚሰጠው መልስ ግን ይኸው ነው፤ ዘይቱ ባለበት ይቆይ፤ ልጇ በዘይቱ ገንዘብ ወደ ሐኪም ይላካት፤ መሐንዲሱም ውሃውን ወደ ደጃፏ ያቅርብላት።