ልጆቻችን የጻፉትን ማን ያድምጥላቸው?

(የማኅበራችን አሥረኛ ዓመት በስኮትዴል በተከበረበት ዕለት በታክሲ ሹፌሮች ስም የተደረገ ንግግር)



እኛ የታክሲ ሹፌሮች ንግግር የለመድነው ከተሳፋሪ ጋር ነው፤ እሱም ቢሆን መንገዱ ሲያልቅ ያልቃል። ዛሬ ግን የበዓሉ ኮሚቴ ስለ ልጆቻችን ንባብና ድርሰት ጥቂት እንድንናገር ስለጋበዘን ከልብ እናመሰግናለን።

ብዙዎቻችሁ እንደምታውቁት፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በሰፈራችን የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ከአሥራ ሦስት እስከ አሥራ ስምንት ዓመት ያሉ ልጆች ይሰበሰባሉ። ክፍያ የለውም። በመጀመሪያ አንድ አጭር ታሪክ ወይም ግጥም ድምፅ ከፍ ተደርጎ ይነበባል። ከዚያም የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ መነሻ ሐሳብ ትሰጣቸዋለች፤ ለምሳሌ «ቤታችሁ ውስጥ ሌሊት የሚሰማውን ድምፅ ጻፉ» ትላቸዋለች። ሁሉም ለአሥራ አምስት ደቂቃ አቀርቅሮ ይጽፋል። ማርክ የለም፤ ቀይ እስክሪብቶም የለም። የፈለገ ተነሥቶ ያነባል፤ ያልፈለገ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ይከታል።

እኛ ወላጆች ይህን ያወቅነው ዘግይተን ነው። እውነቱን እንናገርና፣ ለሁለት ዓመት ያህል ልጆቻችንን በር ላይ እያወረድን፣ ሞተር እንኳ ሳናጠፋ ወደ ኤርፖርት ነበር የምንሮጠው። እንዲያውም ከመካከላችን «ድርሰት እንጀራ አይሆንም፤ ሒሳብህን አጥና» ብለን ልጃችንን ያስቀረን አለን። ይህን ያልነው ደግሞ ሌሎች አይደሉም፤ በስድስት ኪሎ በኬኔዲ ቤተ መጻሕፍት ወንበር ለመያዝ በማለዳ የተሰለፍን፣ በባህል ማዕከል ግጥም ሲነበብ መቀመጫ አጥተን ቆመን ያዳመጥን፣ ትምህርታችንን ሳንጨርስ የወጣን ሰዎች ነን። እኛ ያቋረጥነውን ልጆቻችን እንዲጨርሱልን ስንጓጓ፣ እኛ የወደድነውን ከለከልናቸው።

አንድ ቅዳሜ ዝናብ ሲጥል ዋለ፤ ገበያውም ቀዝቅዞ ነበርና ገብተን ከኋላ ተቀመጥን። የአንዳችን ልጅ፣ ገና አሥራ አራት ዓመቷ፣ ተነሥታ አነበበች። የጻፈችው ስለ አባቷ ነበር። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ቁልፉን ቀስ አድርጎ ያዞራል፤ ጫማውን አውልቆ በእጁ ይዞ ይገባል፤ እሷ ግን ነቅታ ትሰማዋለች። «አባቴ እንዳይቀሰቅሰኝ ይጠነቀቃል፤ እኔም እንደነቃሁ እንዳያውቅ እጠነቀቃለሁ» ብላ ጨረሰች። አባትየው አጠገባችን ተቀምጦ ነበር። በዚያን ቀን ወደ ሥራ አልተመለሰም፤ ልጁን ይዞ ወደ ቤት ሄደ። ከዚያ ወዲህ እኛም ሞተር ማጥፋት ጀመርን።

ወገኖቻችን፤ በዚህ ከተማ የቤተ መጻሕፍት መታወቂያ እንዲሁ በቀላሉ የተገኘ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1921 በኦበርን ጎዳና ለጥቁሮች ብቻ የተለየ ቅርንጫፍ ቢከፈትም፣ የአትላንታ ዋና ቤተ መጻሕፍት ጥቁር አንባቢን በእኩልነት አያስተናግድም ነበር። በሜይ 1959 የስፔልማን ኮሌጅ የፈረንሳይኛ መምህርት ዶክተር አይሪን ዶብስ ጃክሰን ሄደው መታወቂያ ጠየቁ፤ ተሰጣቸውም። ልጃቸው ሜይናርድ ጃክሰን በ1973 ተመርጠው የአትላንታ የመጀመሪያው ጥቁር ከንቲባ ሆኑ። ተራ የምንጠብቅበት ኤርፖርትም ከ2003 ጀምሮ ስማቸውን ይዟል። የልጅየውን ስም በየቀኑ እናነባለን፤ እናቲቱ ያስከፈቱትን በር ግን ልጆቻችንን አውርደንበት ብቻ እናልፋለን።

ከእኛም ወገን ምሳሌ አለ። አቶ ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ በስደት መጥተው፣ የቤተ መጻሕፍት ሙያ ተምረው፣ በሳን ፍራንሲስኮ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ሲሠሩ በአማርኛ የተጻፈ የልጆች መጽሐፍ አጡ። ስለዚህ በ2002 የማሞን ተረት በአማርኛና በእንግሊዝኛ አሳተሙ፤ በ2003ም በአዲስ አበባ የሾላ የልጆች ቤተ መጻሕፍት እንዲከፈት አደረጉ። በአዋሳ ደግሞ መጽሐፍ በአህያ ጋሪ ወደ ልጆች ሄደ። ዲናው መንግሥቱም የሁለት ዓመት ሕፃን ሆኖ ወደዚህ አገር መጥቶ ያደገ ነው። በ2007 የወጣው የመጀመሪያ ልብ ወለዱ በዋሽንግተን ሱቅ የከፈተ ስደተኛ ኢትዮጵያዊን ሕይወት ይተርካል። የእኛንም ሕይወት የሚጽፍ ልጅ ዛሬ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጦ ይሆናል።

ስለዚህ ማኅበራችን በሚቀጥሉት ዓመታት ሦስት ነገር እንዲያደርግ እንጠይቃለን።

አንደኛ፣ ወላጆች በተራ ገብተን እንቀመጥ። የስልክ ታክሲዎች ከመጡ ወዲህ ገበያው እንደ ድሮው እንዳልሆነ እናውቃለን፤ ነገር ግን የሚቀርብን በወር አንድ ጉዞ ነው።

ሁለተኛ፣ በወር አንድ ቅዳሜ በዕድሜ የገፉ እናቶቻችንና አባቶቻችን በአማርኛ ያውጉ፤ ልጆቹ ሰምተው በሚቀናቸው ቋንቋ ይጻፉ። የአማርኛ መጻሕፍት ለመስጠት የምንፈልግም አስቀድመን ሠራተኞቹን እንጠይቅ፤ መደርደሪያው የራሱ ደንብ አለውና።

ሦስተኛ፣ ከዚህ መጽሔት ሁለት ገጽ ለልጆቹ ይሰጥ። ፊደል ቢሳሳቱም ይታተምላቸው።

ልጆች፤ እናንተንም አንድ ነገር እንለምናችኋለን። ስለ እኛ ስትጻፉ ደካማነታችንን አትደብቁ፤ ብቻ ጽፋችሁ ስትጨርሱ አንብቡልን።

አባቶቻችን «የልጅ ነገር ሁለት ፍሬ፣ አንዱ ብስል አንዱ ጥሬ» ይላሉ። ብስሉን ለማግኘት ታዲያ ሁለቱንም መቅመስ ያስፈልጋል።