ዋንጫው የአንድ፣ ሌሊቱ የስንቱ?



ልጆቻችን «ቡጋ» እያሉ ሲያወሩ ሰምታችሁ ይሆናል። ቡጋ የአሜሪካዊው ካይል ጊርስዶርፍ የጨዋታ ስም ነው። እ.ኤ.አ. በጁላይ 2019 ኒውዮርክ ላይ የፎርትናይትን የዓለም ዋንጫ ሲያሸንፍ የ16 ዓመት ተማሪ ነበር። ሽልማቱም 3 ሚሊዮን ዶላር ነው። «እሱስ ትምህርቱንም ውድድሩንም ጎን ለጎን ይዞ አልነበረም እንዴ?» ብሎ የሚሞግተን ልጅ አይጠፋም።

ይህን ጥያቄ በቁጣ አንመልሰው። ይልቅ ከልጁ ጋር ቁጭ ብለን ሂሳቡን እንሥራ። የጨዋታው ባለቤት የሆነው ኩባንያ እንዳስታወቀው በማጣሪያው ከ40 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ተሳትፈዋል። በነጠላ ውድድር ለፍጻሜ የደረሱት 100 ናቸው። አንደኛ የወጣው አንድ ነው። ካሜራው ያሳየን ያንን አንዱን ነው፤ የቀሩት ያሳለፉትን ሌሊት የቆጠረላቸው የለም።

ደጋፊው ደግሞ ከእነዚህም ውስጥ አይቆጠርም። ተጫዋቹ ሲጫወት ሥራው ላይ ነው። ደጋፊው ግን እሱን ሲመለከት ቢያድር የሚከፍለው የለም፤ ጠዋት ክፍል ውስጥ የሚያንቀላፋውም ራሱ ነው።

ስለዚህ ለጨዋታው ሰዓት እንወስንለት፤ ሶላት፣ ጥናትና እንቅልፍ ይቅደሙ። እኛ ወላጆችም አንድ ቀን አብረናቸው እንመልከት። ምን እንደሆነ ሳናውቅ የምንከለክለውን ነገር ልጆቻችን ተደብቀው ያደርጉታል። ተጫዋቹን የወደደ ልጅ ዋንጫውን ብቻ ሳይሆን ትጋቱን ይውሰድ፤ ትጋቱንም በደብተሩ ላይ ያሳየን።

ጊዜ አማና ነው፤ እኛም ልጆቻችንም እንጠየቅበታለን። አላህ (ሱ.ወ.) ጊዜያቸውን ይባርክላቸው። ወሰላሙ ዐለይኩም።