ትውልድና የመኖሪያ ስፍራ



ሰው መኖሪያውን ሲመርጥ፥ ከምድሩ አስቀድሞ የሚመለከተው የሚጠጋበትን ነው። የአዲስ አበባ ታሪክ ይህን ያስረዳል። ዳግማዊ ምኒልክ በእንጦጦ ተራራ የተቀመጡት ለጦር ጥበቃ ነበረ፤ ነገር ግን ብርዱ ጸና፥ እንጨቱም አነሰ። በ1879 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ በፍል ውሃ አጠገብ ቤት አሠሩ፤ ከተማውም ወደ ሜዳው ወረደ።

የዚያ ዘመን ሰው ጌታውን ተከትሎ ሰፈረ፤ የደጃች ውቤ ሰፈር ስም እስከ ዛሬ ይመሰክራል። በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በተወረሰ ጊዜ፥ ብዙዎች ልጆች በጥቂት ኪራይ በቀበሌ ቤት ከጎረቤታቸው ጋራ ቀሩ። ከልጅ ልጆች ብዙዎቹን ግን የጋራ መኖሪያ ቤት ዕጣ ወደ ጀሞ፥ ወደ የካ አባዶ፥ ወደ ቱሉ ዲምቱ ወሰዳቸው።

እንግዲህ አያት ጌታውን፥ አባት ጎረቤቱን፥ ልጅ ጣራውን ያዘ፤ ማናቸውም አይነቀፉም። ነገር ግን አሮጊት እናት በቀድሞው ደብር ቀርታ ልጆቿ ሩቅ ሲሰፍሩ፥ ዕድሩና ሰንበቴው በማን ይጸናል? ለንግሥ በዓል ብቻ መምጣት አይበቃም። የሄደው የቀረውን ይጠይቅ፤ በአዲሱም ስፍራ ጎረቤቱን እንደ ዘመድ ይያዝ። ሰፈር የሚጸናው በግንብ ሳይሆን በመጠያየቅ ነውና።