ሃይማኖታቸው ስለሚለያይ ሙሽሮች ምርቃት፤ በእድራችን ስብሰባ ላይ በጸሐፊው የተደረገ ንግግር



እንደሚታወቀው በሰፈራችን ክርስቲያንና ሙስሊም ቡና ተጠራርተን ኖረናል፤ ለቅሶም አብረን ተቀምጠናል። ልጆቻችን እንጋባ ሲሉ ግን እንጨነቃለን። እያንዳንዳቸው ሃይማኖታቸውን እንደያዙ ተክሊል የለም፤ ኒካሁም የራሱ ደንብ አለው። ደግነቱ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በሃይማኖትም፣ በባህልም፣ በክብር መዝገብ ሹም ፊትም የተፈጸመውን ጋብቻ ይቀበላል። በሹሙ ፊት ከሆነ በየወገናቸው ሁለት ሁለት ምስክር አቁመው ይፈርማሉ።

ፊርማው ቶሎ ያልቃል። ከዚያስ? አምና ሁለት ልጆች ፈርመው ሲወጡ የልጅቱ አባት አልመጡም ነበር። እናቷ ብቻ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ቆመዋል። እኛም ሽማግሌ ተብለን ሄደን፣ የምንለው ጠፍቶን «ውለዱ ክበዱ» ብለን ተመለስን። እስከ ዛሬ ይቆጨናል።

ዘንድሮ ሌሎች ሙሽሮች ሲጠሩን አስቀድመን ሄደን ጠየቅን፤ እንዴት ተዋወቃችሁ? ልጅቱ «ታክሲ ሰልፍ ላይ ጃንጥላ አጋራኝ» አለች። ይችኑ ይዘን ቤት እያስመታን አሰናዳን፦

በአንድ ጃንጥላ ሥር ዝናብ ያስጠጋችሁ፣
ጣራችሁ አያፍስስ፣ አይጉደል ሌማታችሁ።

ካህንም ሼህም አይደለንምና የጸሎት ቃል አልነካንም፤ ሁለቱም ወገን አሜን የሚለውን ብቻ መረጥን። የሙሽራው አያት «እስቲ ድገሙልኝ» አሉ። የሥጋው ነገር አስቸግሮ ነበር፤ ሁለት ድንኳን ከመትከል በጾም ምግብ ተስማማን። ሽሮ ማንን ያጣላል!

እንግዲህ እንዲህ ያለ ሰርግ ያለባችሁ ከወር በፊት ንገሩን፤ ልጆቹን ለማነጋገር ጊዜ ይፈልጋል።

አምና የቀሩት አባት ዘንድም ሁለት ሽማግሌ ልከናል። ቡና አጠጥተው ሸኝተዋቸዋል፤ መልስ ግን ገና አልሰጡም።