ቡታጋዝ በቤታችሁ አትገልብጡ



አንዳንዶቻችን ገንዘብ ለመቆጠብ ብለን ከትልቁ ሲሊንደር ወደ ትንሹ በጎማ እንገለብጣለን። ይህ ቤተሰብን ያቃጥላል። ፈሳሹ ጋዝ ሲሞቅ ስለሚሰፋ ሲሊንደር ከ80 በመቶ በላይ አይሞላም፤ ቤት ውስጥ ግን ልኩ አይታወቅም። ያመለጠው ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ወለሉ ላይ ይተኛል፤ የጎረቤት ከሰል ይለኩሰዋል። ስለዚህ ሚዛንና ፈቃድ ካለው ነጋዴ ዘንድ አስሞሉ።

ሲሊንደሩን አቁማችሁ አስቀምጡ። መጋጠሚያውን ሳሙና ቀቡት፤ አረፋ ካወጣ ጋዝ ያፈስሳል።

ጋዝ ከሸተታችሁ ክብሪት አትጫሩ፣ መብራት አትንኩ፤ መዝጊያውን ዘግታችሁ፣ ልጆቹን ይዛችሁ ውጡ።

የተቃጠለ ሰው ካለ ቁስሉን ለ20 ደቂቃ ንጹሕ ቀዝቃዛ ውኃ አፍስሱበት። ቅቤም ሆነ የጥርስ ሳሙና አትቀቡት፤ ፈጥናችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።