አንድ መውጫ በር ብቻ የነበረው ዲቪዚዮን



እግር ኳስ የሙያ ማኅበር ጉዳይ አይደለም የሚል አድማጭ ይኖር ይሆናል። ይሁን እንጂ አንድ ማኅበር አባሎቹን በምን ደንብ እንደሚያሳድግና በምን ደንብ እንደሚያሰናብት ለሚመረምር ሰው፣ በእንግሊዝ አገር ከ1921 እስከ 1958 የኖረው የሰሜን ሦስተኛ ዲቪዚዮን ታሪክ ብዙ ትምህርት ይሰጣል። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተነገሩ ናቸው።

የእንግሊዝ ሊግ በ1920 የደቡብ ክለቦችን በአንድነት ተቀብሎ ሦስተኛ ዲቪዚዮንን ካቋቋመ በኋላ፣ በተከታዩ ዓመት ለሰሜን 20 ክለቦች ያሉት ተመሳሳይ ክፍል አቆመ። ውድድሩ በአካባቢ መከፈሉ የጉዞ ወጪን ስለሚያቃልል አነስተኛ ገቢ ላላቸው ክለቦች የሚበጅ ነበር። የድንጋይ ከሰል ከተማዋ አሺንግተን፣ የጥጥ ፋብሪካዎቹ ከተማ ኔልሰን፣ የመርከብ መሥሪያዋ ባሮው ከመሥራቾቹ መካከል ነበሩ።

የመጀመሪያው እንከን የመውጫው በር ጥበት ነው። በየዓመቱ ወደ ሁለተኛ ዲቪዚዮን የሚያልፈው አንደኛ የወጣው ክለብ ብቻ ነበር። ሮዘራም ዩናይትድ በ1947፣ በ1948 እና በ1949 በተከታታይ ሁለተኛ ወጥቶ ሦስት ጊዜ ከበሩ ተመለሰ። በ1947 የቀደመው ዶንካስተር ሮቨርስ ከ42 ግጥሚያ 33ቱን አሸንፎ ነበር። ሮዘራም ያለፈው በ1951 ሻምፒዮን ሲሆን ነው። የሕዝብ ፍቅር ግን አልጎደለም፤ በ1948 የገና ዕለት ሀል ሲቲና ሮዘራም ሲጋጠሙ 49,655 ተመልካች ተገኝቷል።

ሁለተኛው እንከን የባሰ ነው። በመጨረሻ የቀሩት ሁለት ክለቦች በሊጉ ጠቅላላ ስብሰባ ፊት ቀርበው እንደገና ለመመረጥ ይለምኑ ነበር። የድምፁ አብዛኛው ክፍል በላይኞቹ ሁለት ዲቪዚዮኖች ክለቦች እጅ ስለነበር፣ በታችኞቹ ዕድል ላይ የሚፈርዱት የታችኞቹን ችግር የማይካፈሉ ነበሩ። በዚህ አኳኋን ደራም ሲቲ በ1928፣ አሺንግተን በ1929፣ ኔልሰን በ1931 ተሰናበቱ። ዊጋን ቦሮ ደግሞ ዕዳ ስለከበደው በጥቅምት 1931፣ 12 ግጥሚያ ብቻ ተጫውቶ በራሱ ፈቃድ ወጣ። ክለቧ የተሰናበተባት አሺንግተን ግን፣ በ1966 የዓለምን ዋንጫ ያነሡት ወንድማማቾች ጃክና ቦቢ ቻርልተን የተወለዱባት ከተማ ናት።

ምርጫው ጥቅም አልነበረውም ማለት አይቻልም። በደራም ምትክ የገባው ካርላይል ዩናይትድ በ1974 እስከ አንደኛ ዲቪዚዮን ደርሷል። ነገር ግን ለአዲሱ በር የሚከፈተው ደካማውን በማስወጣት እንጂ በሜዳ ውጤት በተወሰነ ደንብ አልነበረም።

በ1958 ሰሜንና ደቡብ ተዋሕደው ክለቦቹ ሦስተኛና አራተኛ በተባሉ አገር አቀፍ ዲቪዚዮኖች ተደለደሉ። በሁለቱ መካከልም በየዓመቱ አራት ክለቦች እንዲወጡና አራት እንዲወርዱ ተደነገገ፤ በሩ ሰፋ። የምርጫው ልመና ግን ከዲቪዚዮኑ ሞት በኋላ ቆይቶ፣ በቀጥታ መውረድና መውጣት የተተካው በ1987 ነው።

የመውጫውን በር ማስፋት አንድ ስብሰባ በቂ ሲሆን፣ ኃይለኞቹ በደካሞቹ ላይ የያዙትን ድምፅ ማስለቀቅ ሌላ 29 ዓመት ወሰደ። የመተዳደሪያ ደንብ የሚያረቅ ማንኛውም ማኅበር ከሁሉ አስቀድሞ ሊመረምረው የሚገባው ይህንኑ ነው።