ሰውየው ይቀድማል ወይስ አካውንቱ?



የዛሬው ርዕሴ ጠባብ ነው። ጃንጎ በተባለው የድረ ገጽ ማበልጸጊያ ማዕቀፍ የተጠቃሚን አካውንት ከፕሮፋይሉ ጋር እንዴት እናገናኛለን? መልሱ በአንድ መስመር ኮድ ይጻፋል፤ በዚያች መስመር ግን ማን እንደሚመዘገብና የማን መዝገብ እንደሚጠፋ እንወስናለን።

በሐምሌ 1997 ዓ.ም. ለሕዝብ የቀረበው ጃንጎ የራሱ የተጠቃሚ ሠንጠረዥ አለው። በውስጡም የመግቢያ ስም፣ የይለፍ ቃል፣ ኢሜይል፣ የመጀመሪያ ስምና የቤተሰብ ስም ይገኛሉ። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ አባታችንን በዚያ ዓምድ ብናስገባ አያታችን ውጭ ይቀራሉ። ስለዚህ ሙሉ ስም፣ ስልክና አድራሻ በሌላ ሠንጠረዥ ይቀመጡና በአንድ ለአንድ ግንኙነት ይታሰራሉ። እስከዚህ ድረስ የሚከራከር የለም።

ክርክሩ ማሰሪያው ላይ ነው። የተለመደው ትምህርት «አካውንት ሲከፈት ፕሮፋይል ይፈጠር፤ አካውንት ሲሰረዝ ፕሮፋይሉም አብሮ ይሰረዝ» ይላል። ይህ ለመዝናኛ ገጽ ይበቃል። አሁን በመቂና በባቱ ዙሪያ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚያመርቱ ገበሬዎችን ለሚመዘግብ የኅብረት ሥራ ማኅበር ሥርዓት እንሠራለን እንበል። አባሉ ስማርት ስልክ ላይኖረው ይችላል፤ ያስረከበው ምርትና የሚከፈለው ገንዘብ ግን አለ። ፕሮፋይሉ ያለ አካውንት መኖር ካልቻለ መዝጋቢው የሐሰት ኢሜይል እየፈጠረ አካውንት ይከፍታል። በኋላ አንድ ሰው «የማይሠሩ አካውንቶች» ብሎ ሲያጸዳ፣ ከፕሮፋይሉ ጋር የታሰረው የሒሳብ መዝገብ ሁሉ በሰንሰለት ይጠፋል።

እኔ የምመክረው ግንኙነቱ ባዶ መሆን እንዲችልና አካውንቱ ሲሰረዝ ባዶ ሆኖ እንዲቀር ነው። የሒሳቡ መዝገብ ደግሞ ፕሮፋይሉ እንዳይሰረዝ ይከልክል። አካውንትንም ቢሆን ከመሰረዝ ይልቅ ገቢር እንዳይሆን ማድረግ ይሻላል።

ቁልፉስ ምን ይሁን? ስም አይሆንም። ያለንባት ከተማ አዳማ ተብላ፣ ናዝሬት ተብላ፣ ዳግም አዳማ ተብላለች፤ ዝዋይ ባቱ፣ ደብረ ዘይትም ቢሾፍቱ ሆነዋል። ስምን ቁልፍ ያደረገ ሠንጠረዥ አንዲቱን ከተማ ሁለት ያደርጋታል። ስልክም አይሆንም፤ አንድ ቤተሰብ በአንድ ስልክ ይጠቀማልና። ባለ 12 አሃዙ የፋይዳ ቁጥር ማንነትን ለማረጋገጥ ይጠቅማል፤ ዋና ቁልፍ ከሆነ ግን በየሠንጠረዡና በየአድራሻ መስመሩ ይበተናል። ለብቻው በተጠበቀ ዓምድ ይቀመጥ፤ ቁልፉ ትርጉም የሌለው ቁጥር ይሁን።

ቀድሞ የተጀመረ ሥርዓት ላላችሁ አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። አካውንት ሲቀመጥ ፕሮፋይል የሚፈጥረው ሲግናል ከዚያ በፊት የተከፈቱትን አይነካም፤ በጅምላ ለሚገቡትም አይሠራም። ለእነርሱ የዳታ ማይግሬሽን ጻፉ፤ አስቀድማችሁም የመረጃ ቋቱን ቅጂ ያዙ።

አሁን ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ።